ካሜራው የማን ነው፣ ፎቶውስ?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ከሚያውቀው ሰው ካሜራ ተውሶ፣ ሳይነጋ እንጦጦ ወጥቶ፣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ያነሳል። ካሜራውን ሲመልስ ሜሞሪው ውስጥ የቀረውን ፎቶ ባለቤቱ ለካላንደር ይሸጠዋል። ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፤ «ካሜራው የኔ ነው፤ አንተ የተጫንከው ቁልፍ ነው።»

ክርክሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1882 ናፖሊዮን ሳሮኒ የተባለ የኒውዮርክ ፎቶግራፈር አየርላንዳዊውን ደራሲ ኦስካር ዋይልድን ፎቶ አነሳው። በሮው ጃይልስ የተባለ የሕትመት ድርጅት ፎቶውን በ85,000 ቅጂ አባዝቶ ተከሰሰ። መከላከያው፣ ፎቶ ማለት ፊት ለፊት ያለውን ነገር በመሣሪያ መገልበጥ ስለሆነ የፈጠረው ሰው የለም የሚል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1884 አልተቀበለውም። ዳኞቹ ያዩት ሳሮኒ ሰውየውን እንዴት እንዳስቀመጠው፣ ልብሱንና መጋረጃውን እንዴት እንደመረጠ፣ ብርሃንና ጥላውን እንዴት እንዳደላደለ፣ ፊቱ ላይም ምን ዓይነት ስሜት እንዳወጣ ነው። ይህ ሁሉ ቁልፉ ከመነካቱ በፊት በሳሮኒ ሐሳብ ውስጥ ያለቀ ጉዳይ ነው። እንዲያውም ሳሮኒ ካሜራውን ለረዳቱ ትቶ፣ እሱ ተነሺውን በማስተካከል ይታወቅ ነበር። ቁልፍ መጫን ቢሆን ኖሮ ባለመብቱ ረዳቱ በሆነ ነበር!

እኛ ግን ፎቶ ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው «በምን ካሜራ ነው?» ብለን ነው። መሣሪያ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ማታ በመብራት ኳስ ጨዋታ ለሚያነሳ ሰው ጥሩ ሌንስ የግድ ነው። ሌንሱ ግን የት እንቁም፣ ምን እንጠብቅ፣ ምኑን እንተው አይልም።

የእኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የፎቶግራፍ ሥራን ሲጠብቅ ሥራው ወጥ መሆኑን እንጂ የካሜራውን ባለንብረት አይጠይቅም።

ወጣቱን «ለምን በዚያ ሰዓት?» አልኩት። ፀሐይዋ ከጭነቱ ኋላ ስትወጣ ሴቶቹ ሳይሆኑ እንጨቱ የሚሄድ እንደሚመስል አንድ ቀን በታክሲ ሲያልፍ አይቶ ነበር። ሦስት ጠዋት ተመላልሷል። ባለካሜራው፣ እንደነገረኝ ከሆነ፣ እዚያው ሰፈር ዓመታት ኖሮ በዚያ ካሜራ ልደት ብቻ ነው ያነሳበት።

ማስረጃ እንዳለው ጠየቅሁት። ስልኩን አውጥቶ «ነገም ለጠዋት አውሰኝ፣ ዛሬ ደመና ነበር» ብሎ የላከውን መልእክት አሳየኝ። አቤቱታውን በእሱ እንጀምራለን።