የይለፍ ቃሉና ብሎኑ

በቅርቡ አንድ ወዳጃችንን ለመጠየቅ ወደ መሥሪያ ቤቱ ጎራ ብለን ነበር። እሱ ግን ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ኖሮ፥ ያገኘነው የተከፈተ በርና እንደ በራ የተተወ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ሲመለስ ብንነቅፈው፥ «ምን ቸገረኝ፤ የይለፍ ቃል አለው» ብሎ ሳቀብን።

በእውነቱ የይለፍ ቃል የሚያግደው በቁልፍ ሰሌዳው በኩል የሚመጣውን እንግዳ ነው። ዕቃውን ራሱን ይዞ ብሎኑን የሚፈታውን ሰው ግን አያግድም። ለዚህም በሞስኮ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል።

በ1984 ዓ.ም. (ዘመኖቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) አሜሪካኖች ምስጢራችን ይወጣል ብለው ስለ ሠጉ፥ በሞስኮ ካለው ኤምባሲያቸው 11 ቶን ያህል የሚመዝን መሣሪያ ነቅለው ወደ አገራቸው ወሰዱ። መርማሪዎቹ አስቀድመው የፈተሹት መልእክትን ወደ ምስጢር ጽሕፈት የሚለውጡትን መኪናዎች ነበር፤ ምንም አላገኙም። ነገሩ የተገኘው ማንም ከቁም ነገር ባልቆጠራቸው የአይ.ቢ.ኤም. የኤሌክትሪክ የጽሕፈት መኪናዎች ውስጥ ነው። በራጅ ሲታዩ፥ ድፍን ይመስል የነበረው የብረት ዘንግ ውስጡ ተቦርቡሮ የስለላ መሣሪያ ተቀብሮበት ኖሯል። ይኸውም ፊደል በተመታ ቁጥር የሚንቀሳቀሰውን ብረት እየለየ በራዲዮ ወደ ውጭ ያስተላልፍ ነበር። በሞስኮና በሌኒንግራድ 16 እንዲህ ያሉ መኪናዎች ተገኙ። ደብዳቤው ገና ሲጻፍ የሚነበብ ከሆነ፥ በኋላ በምስጢር ጽሕፈት ቢለወጥ ምን ይረባል?

ይህ የድሮ ወሬ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ኮምፒዩተር ሲጠፋ ራም በሚባለው ክፍል የነበረው ሁሉ ወዲያው ይደመሰሳል ብለን የምናምን ብዙዎች ነን። በ2008 ዓ.ም. የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ግን ለሴኮንዶች እንደሚቆይ አሳዩ። ለአቧራ ማራገፊያ የሚሸጠውን የታመቀ ጋዝ ቆርቆሮ ገልብጠው ቢነፉበት፥ ራሙ ከዜሮ በታች ወደ 50 ዲግሪ ቀዘቀዘ፤ በውስጡ ያለውም ለደቂቃዎች ቆየ። በዚያ ፋታ የተቆለፈውን ዲስክ መክፈቻ ቁልፍ አውጥተው አነበቡ። ስለዚህ ክዳኑ ተከድኖ ያንቀላፋ ላፕቶፕ እንደ ጠፋ አይቆጠርም። ፈጽሞ ማጥፋት፥ አጥፍቶም ጥቂት ደቂቃ አጠገቡ መቆየት ያስፈልጋል።

ከመከላከያው ሁሉ እኛን ደስ ያሰኘን የጥፍር ቀለም ነው! በ2013 ዓ.ም. ሐምቡርግ ላይ በተደረገ ጉባኤ ሁለት ባለሙያዎች ይህን መከሩ፦ ብልጭልጭ ያለበትን የጥፍር ቀለም በብሎኖቹ ላይ መቀባትና ፎቶግራፍ ማንሳት፤ ከመንገድ ሲመለሱ ደግሞ ከፎቶግራፉ ጋር ማስተያየት። ብሎኑን የፈታ ሰው ቀለሙን መልሶ ቢቀባ እንኳ ብልጭልጩን እንደ ቀድሞው አድርጎ መበተን እጅግ ይቸግረዋል። ጥንት በደብዳቤ ላይ ይታተም የነበረው ሰምም ሥራው ይኸው ነበር፤ ሌባውን ባይከለክለውም ደብዳቤው እንደ ተከፈተ ይናገራል። አሜሪካኖቹን ለብዙ ዓመታት የጎዳቸው የተነካውን ዕቃ እንዳልተነካ ቆጥረው መጻፋቸው ነው።

ይህን ለወዳጃችን ብንነግረው፥ የእኅቱን የጥፍር ቀለም እዋሳለሁ ብሎ ተነሣ። በሩን ግን አሁንም ሳይዘጋው ሄደ።