ቁጥር ያልተጻፈባቸው ሣጥኖች

ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገባ እያንዳንዱ ኮንቴይነር 4 ፊደልና 7 አኃዝ ተጽፎበታል። ሺህ አንድ ዓይነት ሣጥኖች ቢደረደሩም የሚፈለገው አይጠፋም።

1 ግራም ወርቅ 100 ናኖሜትር ስፋት ወዳላቸው ድቡልቡል ቅንጣቶች ቢከፋፈል ቁጥራቸው ወደ 100 ትሪሊዮን ይደርሳል። አንዱም ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠሩ ደግሞ ድቡልቡሉ ከኩቡ ጋር ተደባልቆ ይወጣል። በራሳቸው ሰምጠው እስኪለያዩ ቆሞ መጠበቅም ብዙ አያዋጣም፦ በረጋ ውሃ ውስጥ አንዱ ቅንጣት በሴኮንድ የሚወርደው የራሱን ስፋት ያህል ነው፤ 10 ሴንቲሜትር ለመውረድ ከ11 ቀን በላይ ይፈጅበታል።

ቅንጣቱ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር እስኪያህል ቢያድግ፣ ያው 10 ሴንቲሜትር ውሃ 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ይኖረዋል፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ 8 ጊዜ ቢቀጣጠል ማለት ነው። በዚህ ባሕር ውስጥ የመለየቱን ሥራ የሚሠራው 60 ሴንቲሜትር የሚሆን ጥቅልል ነው፦ ፖሊመር የተባለ ረጅም ሞለኪውል፣ በእውነተኛ መጠኑ 10 ናኖሜትር።

አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1954 በስሌት ያሳዩት ጃፓናውያኑ ሾ አሳኩራና ፉሚዮ ኦሳዋ ናቸው። ሁለት ቅንጣቶች ሲጠጋጉ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ለፖሊመሩ ይጠብበታል። ከውስጥ የሚገፋ ሲጠፋ የውጪዎቹ ጥቅልሎች ቅንጣቶቹን ያጣብቋቸዋል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ አይፈላለጉም፤ የሚገፋቸው በዙሪያቸው ያለው ሕዝብ ነው። ሕዝቡም ቀላል አይደለም፦ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ወደ 120 ሺህ ትሪሊዮን ጥቅልል፣ ከፈሳሹ ይዘት 6 በመቶ ገደማ።

ቅርጽ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ድቡልቡሎች የሚነካኩት በነጥብ ስለሆነ ለፖሊመሩ የሚለቁት ቦታ 8,400 ኪዩቢክ ናኖሜትር ያህል ነው። 100 ናኖሜትር ጎን ያላቸው ሁለት ኩቦች ግን ፊት ለፊት ሲገጥሙ 100 ሺህ ይለቃሉ። በተጠቀሰው የፖሊመር መጠን ድቡልቡሎቹን የሚያጣብቀው ኃይል ከውሃው የሙቀት ንቅናቄ ጋር እኩል ሲሆን፣ የኩቦቹ ደግሞ የዚያ 12 እጥፍ ነው። ንቅናቄው ጥንዱን የማላቀቅ ዕድሉ ግን በ12 ተካፍሎ አይቀርም፤ ወደ 60 ሺህ እጥፍ ያንሳል። ድቡልቡሎቹ ተንሳፍፈው ሲቀሩ ኩቦቹ ተከምረው ይሰምጣሉ። ክምሩ ክፍተት ባይኖረውና የአንዱን ቅንጣት ስፋት 10 ጊዜ ቢያህል፣ የ11 ቀኑ መንገድ ከ3 ሰዓት ያነሰ ይሆናል።

ከዚያ የላዩ ፈሳሽ ይቀዳል። ዝቃጩ ላይ ንጹሕ ውሃ ተጨምሮ ፖሊመሩ በ10 እጥፍ ሲቀጥን 12 የነበረው ኃይል 1.2 ይሆናል፤ ኩቦቹም ይላቀቃሉ።