በሉፐስና ተያያዥ የኩላሊት ሕመም የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም

ሰውነትን ከተሕዋስያን ጥቃት የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ ከሚከሰቱት ሕመሞች አንዱ ሉፐስ ነው። በሽታው ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ደምን፣ ልብንና አንጎልን ሊጎዳ የሚችል ሲሆን፣ እጅግ አሳሳቢ ከሆኑት ጉዳቶቹ አንዱ በኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ነው።

ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኝ ያህሉ ሴቶች ናቸው። በሽታው በአብዛኛው የሚጀምረው በወሊድ ዕድሜ ላይ በመሆኑ ጉዳቱ በታማሚዋ ሳይወሰን በቤተሰብ ኑሮና በሥራ ላይም ያርፋል።

ሉፐስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁንና በአንዳንድ ቤተሰቦች ደጋግሞ መታየቱ ተመራማሪዎች ዘረ መልን እንዲመረምሩ አድርጓል። ከአንድ እንቁላል በተገኙ መንትዮች አንዷ ስትታመም ሌላዋ የመታመም ዕድሏ ከሌሎች እህትማማቾች እጅግ ከፍ ያለ ነው። ያም ሆኖ በብዙ መንትዮች ዘንድ አንዷ ታማ ሌላዋ ጤነኛ ሆና ትኖራለች። ይህም ዘር ብቻውን ወሳኝ አለመሆኑን፣ የፀሐይ ጨረር፣ የቫይረስ ልክፍት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ አንዳንድ መድኃኒቶችና ሆርሞኖችም ድርሻ እንዳላቸው ያመለክታል።

ከሉፐስ ጋር የተያያዙ የዘረ መል ሥፍራዎች ከ100 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ተጋላጭነትን የሚጨምሩት በጥቂቱ ሲሆን፣ አንድ ዘረ መል ብቻውን በሽታውን የሚያስከትልበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ በሆነ ጥናት በአንዲት ስፔናዊት ልጅ ላይ ቲ.ኤል.አር.7 በተባለው ዘረ መል የታየው ለውጥ ለሕመሟ ምክንያት መሆኑ ተረጋግጧል። ይህ ዘረ መል የሚገኘው ሴቶች ሁለት፣ ወንዶች ግን አንድ ብቻ በሚይዙት የኤክስ ክሮሞዞም ላይ በመሆኑ ሴቶች ለምን ይበልጥ እንደሚጠቁ በከፊል ያስረዳል።

በኩላሊት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ የራሱ ሂደት አለው። ጸረ እንግዳ አካላት ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተጣብቀው በኩላሊት ማጣሪያዎች ላይ ሲከማቹ ብግነት ይፈጠራል፤ ፕሮቲንና ደምም ወደ ሽንት ያፈስሳሉ። ሕመሙ ሲጀምር ምልክት ላያሳይ ስለሚችል እግር ማበጥና የደም ግፊት መጨመር የሚታዩት ጉዳቱ ከተስፋፋ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚባባስ የሚወስን ሌላ ዘረ መልም አለ። አፖል1 የተባለው ይህ ዘረ መል ሁለት ልዩነቶች እንዳሉት ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ልዩነቶቹ የእንቅልፍ በሽታን ከሚያስከትል ጥገኛ ተሕዋስ ስለሚከላከሉ በምዕራብ አፍሪካ ተስፋፍተዋል። ከእናትም ከአባትም የወረሳቸው ሰው ግን ለኩላሊት ሕመም ይጋለጣል። ከአፍሪካ አሜሪካውያን 13 በመቶ ያህሉ በዚህ ሁኔታ ላይ ሲሆኑ፣ በሉፐስ ኩላሊታቸው የተጎዳ እንደሆነ ሥራውን ፈጥኖ የማቆም አደጋ ይገጥማቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በእስራኤል በሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የኤች.አይ.ቪ. ታማሚዎች ላይ የወጣ ጥናት ግን እነዚህ ልዩነቶች በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንዳልተገኙ አመልክቷል። ስለሆነም በአሜሪካ የተገኘ ውጤት ለአፍሪካውያን ሁሉ በእኩል ይሠራል ብሎ ማቀድ ያሳስታል። በአንጻሩ የአፖል1 ልዩነቶች አለመኖር ከሉፐስ ነጻ መሆን ማለት አይደለም፤ ሌሎቹ የተጋላጭነት ምክንያቶች እንዳሉ ናቸው።

ጉዳዩ ለቤተሰብ ልዩ ክብደት አለው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ለጋሾቹ የታማሚዎቹ ዘመዶች ነበሩ። ለሉፐስ ታማሚ እህቷ ኩላሊት ለመስጠት የተነሳች ሴት ራሷ ተጋላጭ ልትሆን ስለምትችል ጥንቃቄ የተሞላበት ምርመራ ያስፈልጋታል።

በሉፐስ የታመመ ሰው የደም ግፊቱን ማስለካትና ሽንቱን በየጊዜው ማስመርመር ይጠበቅበታል። የሽንት ምርመራ ውድ መሣሪያ ሳይጠይቅ በጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል ነው። ፕሮቲን ሲገኝ ከኩላሊት በሚወሰድ ናሙና የጉዳቱ ዓይነት ተለይቶ ሕክምናው ይወሰናል። ሃይድሮክሲክሎሮኪንና የመከላከያ ኃይልን የሚያረግቡ መድኃኒቶች በወቅቱ ከተጀመሩና ሳይቋረጡ ከተወሰዱ ብዙዎች ከኩላሊት እጥበት ይድናሉ።

ዘርን መለወጥ አይቻልም። በቤተሰቡ ሉፐስ ያለበት ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ በጊዜ ማስረዳቱ ግን ኩላሊቱን ከጉዳት ለመታደግ ያግዛል።