የፍሪሲዮን ፖምፓ አገጣጠምና የአየር አወጣጥ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ከመቱ ተነሥቶ በጎሬና በቡሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደውን መንገድ በመንግሥት ሥራ ምክንያት የምታውቁት ብዙዎች ናችሁ። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ በባሮ ወንዝ ዳር ያለችው የጋምቤላ ከተማ ግን ከ500 ሜትር ብዙም አትበልጥም። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ በተደረገው ውል የንግድ ጣቢያ በተፈቀደ ጊዜ፣ ዕቃው በክረምት ባሮ ሲሞላ በመርከብ ይመላለስ ነበር። የመርከቡ ዘመን ካለፈ ወዲህ ግን መድኃኒቱም፣ መጽሐፉም፣ ሠራተኛውም በአብዛኛው የሚጓዘው በመኪና ነው።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ነጂው በፍሬኑ ብቻ ሊተማመን አይገባውም። ማርሹን ቀንሶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝለት ማድረግ አለበት። ማርሽ ለመቀነስ ደግሞ ፍሪሲዮኑ በሚገባ መልቀቅ ይኖርበታል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰምጦ ማርሹ እምቢ ያለ እንደ ሆነ፣ የመኪናው ክብደት ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬንም ከመጠን በላይ ሲግል ኀይሉ ይደክማል። ስለዚህ ነገሩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

በዘይት የሚሠራ ፍሪሲዮን ሁለት ፖምፓዎች አሉት። የላይኛው ከፔዳሉ ጋራ የተያያዘ ነው፤ የታችኛው በብዙ መኪናዎች ላይ ከካምቢዮው ጎን ይገኛል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በፍሬን ዘይት የተሞላ ቱቦ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፣ በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የተጫነበትን ግፊት ሳይቀንስ ያስተላልፋል። አየር ግን ይታመቃል። በቱቦው ውስጥ ጥቂት አየር ቢገባ፣ የእግርዎ ጉልበት አየሩን በማመቅ ያልቃል እንጂ ወደ ታችኛው ፖምፓ አይደርስም። ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል።

የቆላው አየር ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ተራው የፍሬን ዘይት ርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ ሆኖ ይሠራል፤ ርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የታችኛው ፖምፓ ለሞተሩና ለጭስ ማውጫው ሙቀት ቅርብ ስለ ሆነ፣ ያረጀ ዘይት ፈልቶ ተን ሊፈጥር ይችላል። ተንም እንደ አየር ይታመቃል።

አዲስ ፖምፓ ሲገጠም ጎማዎቹ አስቀድሞ በድንጋይ ይታገዱ፤ የዘይቱ ማጠራቀሚያም ከመከፈቱ በፊት ከአቧራ ይጽዳ። የቱቦው ማሠሪያ መጀመሪያ በጣት ይጀመር፤ ጥርሱ መያዙ ከታወቀ በኋላ በመፍቻ ይጥበቅ። በፔዳሉ ዘንግና በፒስቶኑ መካከል የመኪናው መመሪያ ያዘዘው ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ ከጠፋ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ሳይመለስ ይቀርና ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ሸራው ይቃጠላል። የታችኛው ፖምፓ የአየር ማስወጫ ብሎን ወደ ላይ ይሁን፤ አየር ምንጊዜም ወደ ላይ ይወጣልና።

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ማጠራቀሚያው ይሞላ። በማስወጫው ብሎን ላይ ውስጡ የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ ይሰካ፤ ጫፉም ጥቂት ንጹሕ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጥለቅ። አንዱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ ይያዝ። ሁለተኛው ብሎኑን ጥቂት ከፍቶ ዘይትና አየር ሲወጣ ካየ በኋላ ይዝጋ። ፔዳሉ የሚለቀቀው ብሎኑ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው፤ አስቀድሞ ቢለቀቅ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ይህ አረፋው እስኪጠፋ ይደጋገም። በየመካከሉ ማጠራቀሚያው ይሞላ፤ ባዶ የሆነ እንደ ሆነ ሥራው ሁሉ እንደ ገና ይጀመራል።

ነጂው ብቻውን ከሆነ፣ ብሎኑን ከፍቶ ዘይቱ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ማድረግ ይችላል፤ ነገር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጨረሻ መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩ ይነሣ፤ ፔዳሉ ተረግጦ ጥቂት ሰከንድ ከቆየ በኋላ የኋላ ማርሽ ይግባ። ሳያንኳኳ ከገባ ፍሪሲዮኑ ለቋል ማለት ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ፈንታ አይጨመር፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል። የፈሰሰ ዘይት በውሃ ይታጠብ፤ ቀለም ይልጣል። በአፍም ከቶ አይሳብ፤ መርዝ ነው።

ክቡር አንባቢ፤ እርስዎ መኪና የሚነዱ ሳይሆን መኪና ወደ ኢታንግ ወይም ወደ አቦቦ የሚያዝዙ ቢሆኑ፣ ከመፈረምዎ በፊት የፍሪሲዮኑ ዘይት መቼ እንደ ተለወጠ በመኪናው መዝገብ ይመልከቱ። ያልተከፈተ አንድ ቆርቆሮ የፍሬን ዘይትም ከመለዋወጫው ጋራ ይጫን፤ ተከፍቶ የሰነበተ ርጥበት ጠጥቷልና አይታመንም። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ሕመምተኛ ጭኖ በክረምት ጭቃ መካከል ለቆመ መኪና ግን ዋጋው ብዙ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።