ጢማሙና ቢጫ ፊቱ

አማርኛ በጥንብ ዙሪያ የሚሰበሰቡትን ብዙ ወፎች በጥቅሉ «ጥንብ አንሳ» ወይም «አሞራ» ይላቸዋል። ከነዚህ መካከል ጢማሙ ጥንብ አንሳና የግብፅ ጥንብ አንሳ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሰማይ ላይ ሲንሳፈፉ አንዱን ከሌላው ማምታታትም ቀላል ነው።

የሚያምታታው ጅራታቸው ነው። የሁለቱም ጅራት እንደ እንጨት መፍለጫ ሽብልቅ ጫፉ ይሾላል። ልዩነቱ ርዝመቱ ላይ ነው። የጢማሙ ረዥም ነው፤ ክንፎቹም ጠበብና ሾል ብለው ሲዘረጉ ከ2 ሜትር ያልፋሉ። የግብፁ ጅራት አጭር ሲሆን የክንፉ ስፋት ከ1.5 እስከ 1.7 ሜትር ገደማ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ የግብፅ ጥንብ አንሳ ከሥር ሲታይ ነጭ ነው፤ የክንፎቹ ጠርዝ ግን ጥቁር ነው። የሁለቱም ጫጩቶች አድገው መልካቸው እስኪለይ አምስት ዓመት ያህል ይፈጃል። እስከዚያ ሁለቱም ጠቆር ያሉ ስለሆኑ ቀለም አይታመንም፤ መጠንና ጅራት ማየት ይሻላል።

ቀረብ ብሎ ላያቸው ፊታቸው አይምታታም። የጢማሙ ራስ ላባ ለብሷል፤ ዓይኑን ቀይ ቀለበት ይከብበዋል፤ ከምንቃሩ ሥር ስሙን ያወጣለት ጥቁር ጢም ተንጠልጥሏል። የግብፁ ፊት ራቁቱን የቀረና ቢጫ ነው፤ ምንቃሩ ቀጭን፣ የማጅራቱ ላባ የተንጨባረረ።

ሁለቱም ቀለማቸውን ከውጭ ያመጡታል። ለአካለ መጠን የደረሰ ጢማም ደረትና አንገቱ በተፈጥሮው ነጭ ነው። ወፉ ብረት ባለበት ቀይ ጭቃ እየታጠበ ዝገት ያስመስለዋል፤ እንዲህ ያለ ጭቃ በማያገኝበት የእንስሳት ማቆያ ያደገው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የግብፁ ቢጫነት ደግሞ ከእበት ይመጣል። እበት ውስጥ ያለውን ካሮቲኖይድ የተባለ ቀለም ለማግኘት ሲል ይበላዋል።

ድንጋይንም ሁለቱም ይጠቀሙበታል፤ አጠቃቀማቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የጢማሙ ዋና ምግብ አጥንት ነው። ትልቅ አጥንት ሲያገኝ በእግሩ ይዞ ከ50 ሜትር በላይ ይወጣና ጠፍጣፋ ዓለት ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ ያነሳና ይደግማል። ከዚያ መቅኔውንም ስባሪውንም ይውጠዋል፤ የጨጓራው አሲድ በአንድ ቀን ገደማ ይፈጨዋል። የግብፁ በበኩሉ ድንጋዩን ወደ ምግቡ ይወስዳል። የሰጎን እንቁላል ሲያገኝ ድንጋይ በምንቃሩ ነክሶ፣ ቀና ብሎ፣ ቅርፊቱ እስኪሰነጠቅ ይወረውርበታል። የእንስሳት ተመራማሪዋ ጄን ጉዶልና ፎቶግራፍ አንሺው ሁጎ ቫን ላዊክ ይህን ታንዛኒያ ውስጥ ያዩትን ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1966 በጽሑፍ አስነብበዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሪያቸውም ይለያያል። ጢማሙ የደጋ ገደል ነዋሪ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ጨነቅ አካባቢ፣ ገደል አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው ከእግሩ በታች ሲበር ሊታይ ይችላል፤ ያኔ የሚታየው የዛገው ደረቱ ሳይሆን ጥቁር ጀርባው ነው። የግብፁ ቆላውን ይወዳል። አውሮፓ ሲበርድ ከባልካንና ከቱርክ የሚሰደዱት ብዙዎቹ አፋር ይከርማሉ፤ ማታ ማታም በከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ምሰሶዎች ላይ ተሰብስበው ያድራሉ። በጥር ወር በአፋር በኩል የሚያልፍ ተሳፋሪ ምሰሶ ላይ ያየው ነጭ ወፍ ቡልጋሪያ ገደል ውስጥ የተፈለፈለ ሊሆን ይችላል።