ያውቁ ኖሯል? በልጅ ልጃቸው ማስለቀቂያ ላይ ወለድ ያሰቡት ቱጃር

በሐምሌ 1973 እ.ኤ.አ. የ16 ዓመቱ ጆን ፖል ጌቲ ሦስተኛው ሮም ውስጥ ታገተ። አጋቾቹ 17 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ።

• የነዳጅ ከበርቴው አያቱ ጄ. ፖል ጌቲ፣ ለአንዱ ከከፈልኩ 14ቱም የልጅ ልጆቼ ይታገቱብኛል ብለው እምቢ አሉ።

• በኅዳር ወር የልጁ የተቆረጠ ጆሮ ከጥቂት ፀጉሩ ጋር ታሽጎ ለአንድ የሮም ጋዜጣ ደረሰ። በፖስታ ሠራተኞች አድማ ምክንያት እሽጉ መንገድ ላይ ቆይቶ ነበር።

• ክፍያው ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲወርድ፣ አያትየው የሰጡት 2.2 ሚሊዮኑን ብቻ እንደሆነ ተዘግቧል፤ ከግብር የሚቀነስላቸው እስከዚያ ድረስ ነበርና። የቀረውን ለታጋቹ አባት፣ ለገዛ ልጃቸው፣ በ4 በመቶ ወለድ አበደሩት።

• ልጁ በታኅሣሥ ተለቀቀ። ከገንዘቡ አብዛኛው ግን የገባበት አልታወቀም።

• እገታ የተደጋገመባት ጣሊያን በ1991 እ.ኤ.አ. የታጋች ቤተሰብ ንብረት እንዲታገድ በሕግ ደነገገች። መነሻዋ ግልጽ ነው፤ ገንዘብ የማያስገኝ እገታ አጋች አያገኝም።

ይህን ገበያ መዝጋት የመንግሥት ድርሻ ነው። ልጁ በአጋች እጅ የወደቀበት ወላጅ ያለውን ሁሉ ቢከፍል ግን ሊወቀስ አይገባም።