ስለ ፊሊፒንስ ሕዝብ ይሉኝታና ውለታ

የአንድን ሕዝብ ጠባይ ለመመርመር የሚሻ ሰው ሕዝቡ ሲቈጣ የሚናገራቸውን ቃላት ማድመጥ ይጠቅመዋል። ከ7000 በላይ ደሴቶች ባሏት በፊሊፒንስ፥ በታጋሎግ ቋንቋ እጅግ ከሚከብዱት ስድቦች ሁለቱ «ዋላንግ ሂያ» እና «ዋላንግ ኡታንግ ና ሎኦብ» ናቸው። ፊተኛው «ይሉኝታ ቢስ»፥ ኋለኛውም «ውለታ ቢስ» እንደ ማለት ስለ ሆነ፥ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

ሂያ ሰው በሌላው ዓይን እንዳያንስ የሚጠብቀው ስሜት ነው። እንግዳ የቀረበለትን ምግብ ቶሎ ብሎ እንዳይቀበል፥ የተለመነም ሰው «አይሆንም» የሚለውን ቃል ፊት ለፊት እንዳይናገር የሚያደርገው እርሱ ነው። ኡታንግ ና ሎኦብ ደግሞ በቃሉ ሲፈታ «የውስጥ ዕዳ» ይሆናል። የገንዘብ ዕዳ ሲከፈል ያልቃል፤ የውስጥ ዕዳ ግን ቢመልሱትም አያልቅም። በ1974 በአውሮፓ አቈጣጠር የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሠራተኞችን ወደ ውጭ አገር መላክን በመንግሥት ደንብ ሥር ካደረገ ወዲህ፥ ይህ ዕዳ ባሕር ተሻጋሪ ሆኗል። በባዕድ አገር የምትሠራ እኅት ታናናሾቿን ታስተምራለች፤ ሳሙናና ልብስ፥ የታሸገም ምግብ በትልቅ ሣጥን ሞልታ ትልካለች። በዐረብ አገሮች የሠሩ ኢትዮጵያውያትም ይህን ኑሮ ከራሳቸው ኑሮ ያውቁታል።

የሥነ ልቡና ሊቁ ቪርጂሊዮ ኤንሪኬዝ፥ የውጭ ትምህርት የቀሰሙ ተመራማሪዎች ላይ ላዩን ብቻ እንደ ተመለከቱና የሁሉ ሥር «ካፕዋ» እንደ ሆነ አስተምረዋል። ካፕዋ ማለት ባልንጀራን ከራስ ሳይለዩ እንደ ራስ ማየት ነው። ይህ በውጭ አገር ለተማርን ሁሉ የሚገባ ተግሣጽ ይመስለኛል።

በቤተ ሰብ ውስጥ መልካም የሆነው ይህ ልማድ ወደ አደባባይ ሲወጣ ግን ችግር ያመጣል። ሹማምንት በሕዝብ ገንዘብ በተሠራው መንገድና ትምህርት ቤት ላይ ስማቸውንና ሥዕላቸውን ይለጥፋሉ፤ ሕዝቡም እንዲህ ያለውን ሰው «ኤፓል» እያለ ያፌዝበታል። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩት ሚሪያም ዴፌንሶር ሳንቲያጎ ይህን የሚከለክል የሕግ ረቂቅ አቅርበው ነበር።

ሐምሌ 2025 ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ ልጁ በምክር ቤት ባደረጉት ንግግር፥ ከጎርፍ መከላከያ ሥራ ገንዘብ የበሉትን ሰዎች «በወገናችሁ ፊት እፈሩ» ሲሉ ገሠጹ። የተናገሩበትም ቃል ከዚያው ከሂያ የወጣ ነው። በነሐሴም ከ2022 አጋማሽ ወዲህ ለዚሁ ሥራ ከተመደበው 545 ቢሊዮን ፔሶ አንድ አምስተኛ ያህሉ ለ15 ሥራ ተቋራጮች ብቻ እንደ ደረሰ አስታወቁ። መስከረም 21 ቀን፥ ማለት የአባታቸው የ1972 የወታደራዊ ሕግ ዐዋጅ በሚታሰብበት ዕለት፥ እጅግ ብዙ ሕዝብ በማኒላ አደባባይ ወጥቶ ቍጣውን ገለጠ።

በእኔ አስተያየት ግን ተግሣጹ ብቻውን አይበቃም። ይሉኝታ የሚሠራው ሰው ከሰው ጋር በሚተያይበት ስፍራ ነው፤ በወረቀት ላይ ብቻ ግንብ የሠራ ሰው ግን ጎርፍ የገባባትን ባልቴት አያያትም። የውስጥ ዕዳም እንዲሁ ነው። ከመንግሥት ግምጃ ቤት በወጣ ገንዘብ የተሠራን ጣራ የሹሙ ስጦታ አድርጎ የሚቈጥር ድኻ፥ ሹሙን ሒሳብ መጠየቅ ያሳፍረዋል። ስለዚህ ሁለቱ መልካም ጠባዮች ተባብረው አፉን ይዘጉታል። መድኃኒቱ ጠባዮቹን መንቀፍ ሳይሆን ቦታቸውን መለየት ነው፤ የቤተ ሰብ ውለታ በቤተ ሰብ ዘንድ ይከበር፥ የሕዝብ ገንዘብ ግን በመዝገብና በሕግ ይጠበቅ። ይሉኝታን ከፍ አድርገን የምናከብር እኛም ይህን ልዩነት ብናስብበት ይበጀናል።